ዋናተኛ ለዳኛዋ

መሐንዲሱ የአይስክሬም ቤቱን የመስታወት በር ገፍቶ ሲገባ ብረቴ ጀርባዋን ሰጥታ ማሽኑን ታጥብ ነበር። ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። የሚወዱት ሰው ኮቴ ከብዙ ኮቴ መሃል ይለያል። እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ።

«እንደምን ዋልሽ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልታዘዝ?» አለች ሳትዞር፣ ለማንም ደንበኛ እንደምትለው አድርጋ።

ከተለያዩ ወዲህ ክረምቱ መጥቶ ሄዷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሱ በዚህ መንገድ አላለፈም፤ እሷም ስሙን አላነሳችም። አክስቷ ብቻ ብርጭቆ እየወለወለች «ያ ረጅሙ ሰውዬ ደግሞ የት ገባ?» ትላለች። የገባበት ጠፍቷት አይደለም፤ የእህቷን ልጅ የብረቴን ፊት ለማየት ነው።

ታሪካቸውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ብረቴ ከአክስቷ ጋር ይህችን ትንሽ አይስክሬም ቤት ታስተዳድራለች። ብረቴ ያለቻት አክስቷ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንዴ ከወሰነች የሚያጎብጣት ስላልተገኘ። መሐንዲሱ በአቅራቢያው የሚሠራውን ድልድይ ሊቆጣጠር መጥቶ፣ አንድ ቀን ከሙቀት ሸሽቶ ገባ። ጠጣና ወጣ። በማግስቱ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ድልድዩ አልቆ መኪና ሲመላለስበት እንኳ እሱ መምጣቱን አልተወም። «ይሄ ሰው ድልድዩን የሚሠራው እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው እንዴ?» ብላ አክስቷ ስቃበታለች።

ከዚያ እናቱ ቤት ምሳ ወሰዳት። እናቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ዘመድ ጎረቤቱ፣ የቤቱ ሠራተኛ ሳትቀር፣ ዛሬም «ዳኛዋ» ነው የሚላቸው። ምሳው መሃል ሹካቸውን አስቀመጡና «ለመሆኑ አይስክሬም መሸጥ ሙያ ነው ወይስ የተሻለ እስኪገኝ የሚያዝ ነገር ነው?» ብለው ጠየቋት። የተሰበሰበው ዘመድ ሳቀ። መሐንዲሱ ሳህኑን አየ። ብረቴን ያቆሰላት ጥያቄው አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ ከሰካራም ደንበኛ ሰምታ ታውቃለች። ያቆሰላት እሱ ሳህኑን ማየቱ ነው። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ «እናትህ የተናገሩትን እረሳዋለሁ። ያንተን ዝምታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስሰማው ነው ያደርኩት» ብላ ሸኘችው። በቃ፣ ያ ነው።

«አንድ ዋናተኛ እፈልጋለሁ» አለ አሁን። «የሚወሰድ።»

ዋናተኛ ቤቱ የሚታወቅበት መጠጥ ነው። በቀዘቀዘ የሎሚ ለስላሳ ላይ ድቡልቡል ነጭ አይስክሬም ይንሳፈፍበታል። «አይሰምጥ፣ አይወጣ፤ ዋናተኛ እንጂ ምን ይባላል» ብላ ስም ያወጣችለት አክስቷ ናት።

ብረቴ ዞረች። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። የተዘጋጀችበትን ቁጣ ስትፈልገው አጣችው።

«ዋናተኛ እንደማይወሰድ ታውቃለህ። መንገድ ላይ ይሞታል።»

«አውቃለሁ። ለእማዬ ነው።»

ቀጥሎ የነገራትን የነገራት ቆሞ፣ ባንኮኒውን በጣቱ እየፈተገ ነው። እናቱ ታመዋል። የደም በሽታ ነው። የሚሰጣቸው መድኃኒት ብርቱ በመሆኑ ምግብ የሚባል ነገር አስጠላቸው፤ ሾርባው ይሸታቸዋል፣ ውሃው ብረት ብረት ይላቸዋል። ሐኪሙ «ያማራቸውን ነገር ይቅመሱ፤ ብቻ ንጹሕ ይሁን፤ ምንም ካልቀመሱ ግን መድኃኒቱን ማቆሜ ነው» ብሏል።

«ትናንት፣ ቀዝቃዛ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የማይታኘክ ነገር አማረኝ አለች» አለ መሐንዲሱ። «ከታመመች ወዲህ አማረኝ ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ምን እንደሆነ አላወቀችውም። እኔ ግን ወዲያው አወቅኩት።»

ብረቴ ብዙ አልጠየቀችም። አፈ ሰፊውን ፔርሙዝ አወረደች፤ በበረዶ አቀዝቅዛ ነጩን አይስክሬም ጠቅጥቃ ሞላችው። ያልተከፈተ የሎሚ ለስላሳ፣ አንድ ሎሚ፣ ረጅም ማንኪያ ጨመረችበት።

«ስማኝ» አለች። «ብርጭቆውን አስቀድመህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆየው። መጀመሪያ ከታች ትንሽ ለስላሳ። ከዚያ አይስክሬሙ። ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርገህ ቀሪውን በጎኑ፣ በቀስታ። ከቸኮልክ አረፋው ይገነፍልና መጠጡን አንሶላው ነው የሚጠጣው። ሎሚውን መጨረሻ ላይ፣ ጠብ ጠብ።»

«ብረቴ፣ እኔ...»

«ሂድ፤ እየቀለጠ ነው።»

ሲወጣ አላየችውም። ወደ ማሽኑ ተመለሰችና እንደገና ማጠብ ጀመረች። ማሽኑ ንጹሕ ነበር። አክስቷ ከጓሮ ብቅ ብላ አየቻትና ተመልሳ ገባች።

*

በማግስቱ ባዶውን ፔርሙዝ ይዞ መጣ። «ግማሹን ጠጣችው» አለ፣ አንድ አገር ያሸነፈ ይመስል። «ከዚያ ተኛች። ሳታስመልስ ተኛች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ ጸሐዩ ከመስታወቱ ላይ ሲነሣ፣ መምጣት ጀመረ። ብረቴ ለታማሚዋ የሚሆነውን አይስክሬም ለብቻው ትሠራ ነበር፤ ስኳሩን ቀንሳ፣ ክሬሙን ጨምራ፣ ሆድ እንዲያረጋጋ ትንሽ የዝንጅብል ጭማቂ ጠብ አድርጋበት። ስትጠቀጥቅ እሱ ባንኮኒውን ተደግፎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ስለ እናቱ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ቀጥሎ ስለ ሥራው። ቀጥሎ ስለ ምንም። አንድ ቀን ክዳኑን ሲቀበላት ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም ክዳኑን ለቀቁት፤ ወለል ላይ ተንከባሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሁለቱም ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ግንባራቸው ተጋጨ፤ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ማንም ቶሎ ቀና አላለም።

አክስቷ ይህን ሁሉ ብርጭቆዋን እየወለወለች ታያለች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል» አለች እሱ ሲወጣ። «አንቺ ግን እባቡን ራሱን እጅሽ ላይ ጠምጥመሽ ታባብያለሽ።»

«አክስቴ፣ ሴትዮዋ ታመዋል እኮ።»

«ስለ እሷ መቼ አወራሁ? እሷስ ያሰበችውን ፊት ለፊት ተናገረች። ስለ ልጇ ነው የማወራው።»

ብረቴ የማሽኑን ማንኪያዎች ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። ነገር ግን በዚያው ሳምንት፣ ዳኛዋ ሙሉ ብርጭቆ ጨርሰው «ያ የሚንሳፈፈው ነገር ዛሬ ዘገየ» ብለው እንደጠየቁ መሐንዲሱ ሲነግራት፣ ድፍረት አገኘችና ጠየቀችው።

«ማን እንደሠራው ነገርካቸው?»

«በጣም ደስ ብሏታል» አለ። ዓይኑ ፔርሙዙ ላይ ነበር።

ሰው መስማት የፈለገውን ነው የሚሰማው። ብረቴ «አዎ ነገርኳት» እንዳላት አድርጋ ሰማችው። ያን ቀን ማታ ሱቁን ስትዘጋ ለራሷ ታንጎራጉር ነበር። ዳኛዋ ያውቃሉ፤ አውቀውም ይጠጣሉ። ከዚህ በላይ ምን እርቅ አለ?

የመሐንዲሱ ታላቅ እህት የመጣችው ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። በሌላ ከተማ ባለትዳር ናት፤ እናቷን ልታስታምም ነው የመጣችው። በዚያ ምሳ ላይ ስላልነበረች ብረቴን አታውቃትም። ወፍራም፣ ደስተኛ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ወንድሜ ሥራ ይዞት ነው የላከኝ» አለች ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «አንቺ ነሽ የምትሠሪው? እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እናት። ለእማዬ የምግብ ፍላጎት የመለሰላት ይሄ ነው። ቦታውን ሲነግረኝ ግን ገረመኝ።»

«ምኑ ነው የገረመዎት?»

«እማዬ ከትልቁ ሆቴል ነው የሚመጣው ብላ ነዋ የምታምነው። እሱ ነው እንደዚያ ያላት። በየቀኑ 'የሆቴሉን ባለሙያ አመስግንልኝ' ትለዋለች፤ እሱም 'እሺ' ይላታል። ዛሬ ደግሞ ወደዚህ ሲልከኝ 'ለእማዬ እንዳትነግሪያት' ብሎ አስጠነቀቀኝ። ምን ነውር አለው? ቤታችሁ ጽድት ያለ ነው። እኔ መቼም የእሱ ነገር አይገባኝም።»

ብረቴ ሥራዋን አላቋረጠችም። አይስክሬሙን ጠቀጠቀች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ሎሚውን በወረቀት ጠቀለለች። «እግዚአብሔር ይማርልዎ» ብላ በሩን ከፍታ ሸኘቻት።

ከዚያ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋችና ቆመች። ያኔ አንድ ጊዜ ነበር አንገቱን የደፋው። አሁን በየቀኑ፣ በየብርጭቆው ሲደፋ ከርሟል፤ እሷም በገዛ እጇ ብርጭቆውን ስትሞላለት። አክስቷ በሩን ከፍታ ነጠላዋን ስትደርብላት ነው እንደበረዳት ያወቀችው። ብርዱ ግን የማቀዝቀዣው አልነበረም።

*

በማግስቱ መሐንዲሱ ሲመጣ ብረቴን በረንዳው ላይ ቆማ አገኛት። እግሯ ሥር የበረዶ ሳጥን አለ። ሽርጧን አላወለቀችም።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምወስደው» አለች።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ ነገረችሽ።»

«ነገረችኝ። ሆቴል ውስጥ መቀጠሬን ከሰው ሰማሁ።»

«አስረዳሻለሁ። ስሚኝ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በመጀመሪያው ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ለስንት ጊዜ ምንም ሳትቀምስ ከርማ ብርጭቆውን ይዛለች። ስምሽን ብጠራ ብታስቀምጠውስ? እናቴን ታውቂያታለሽ፤ አንዴ ካስቀመጠች አታነሣም። ይህን ካልጠጣች ሌላ የሚወርድላት ነገር የለም። አፍሬብሽ አይደለም፤ እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው።»

ብረቴ አየችው። እየዋሸ አልነበረም፤ እውነቱ ነው ይበልጥ ያሳመማት። ሊቆጡት የማይችሉት ሰው ከሁሉም ይከብዳል።

«ገብቶኛል» አለች። «የመጀመሪያውን ቀን ገብቶኛል። ሁለተኛውንም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ልማድ ነው። እኔን መደበቅ ቀለለህ።»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«እኔ በስርቆት በሰው ጉሮሮ አልወርድም» ቀጠለች። «የታመመ ሰው ከሁሉ በፊት ማን እንደሚያጠጣው የማወቅ መብት አለው። ካወቁ በኋላ ካፈሰሱት ብርጭቆዬን አጥቤ እመለሳለሁ። ያንን እችለዋለሁ። ይሄንን ግን አልችለውም።»

«ብትከለክልሽስ? ከዚያ በኋላ ባትጠጣስ?»

«ለእሱም አስቤበታለሁ። ክፈትልኝ።»

አክስቷ በሩ ላይ ተደግፋ ትሰማ ነበር። «ልጄ» አለችው መሐንዲሱን፣ «ይህችን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የመኪናውን በር ክፈትላት። አለዚያ ሳጥኗን ተሸክማ በእግሯ ትሄዳለች፤ አንተም ከኋላዋ በመኪና እየተንፏቀቅክ የሰፈሩ መሳቂያ ትሆናለህ።»

ከፈተላት። መንገዱን ሙሉ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አቅፋው ነበር፤ ቅዝቃዜው ልብሷን አልፎ ይገባል፤ እሷ ግን ይህን ያወቀችው መኪናው ሲቆም ነው። በዚያ ምሳ ቀን የወረደችውን ደረጃ ወጣች። እግሯ አልዘገየም።

*

የዳኛዋ ክፍል ሰፊ ነው። አልጋው ከመስኮቱ አጠገብ ነው የተዘረጋው፤ ግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ የሕግ መጽሐፍ ነው። ፀጉራቸው ሳስቶ ሻሽ አስረዋል። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ሲታይ የልጅ እጅ ይመስላል። ዓይናቸው ግን ያው ነው፤ ሰው ገና በር ላይ ሳለ የሚመረምር ዓይን። ታላቅየዋ ልጃቸው ትራሳቸውን ታስተካክል ነበር።

«አንቺ ነሽ» አሉ። መጠየቃቸው አልነበረም።

«እኔ ነኝ። እንደምን ዋሉ?» ብረቴ ወደ አልጋው ቀረበች። «በየቀኑ የሚጠጡት ከሆቴል አይደለም የሚመጣው። እኔ ነኝ የምሠራው። ልጅዎ ያልነገረዎት እንዳይተዉት ፈርቶ ነው። እኔም እንደማያውቁ ያወቅኩት ትናንት ነው። ሳያውቁ መጠጣትዎን ስላልወደድኩት መጣሁ።»

ታላቅ እህትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ዳኛዋ ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩትና ወደ ብረቴ ተመለሱ።

«ካንቺ እንጀምር» አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ቃላቸው ግን አንዱ ከአንዱ አይነካካም። «ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወንበር ላይ ነው። ባለጉዳይ ያቀረበልኝን ውሃ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም። አንዱ አንድ እንስራ ማር ቤቴ ድረስ ልኮ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ጣታቸውን ሳያስነክሩ መልሼዋለሁ። ይሄኛው ያን ጊዜ አልቅሷል።»

«አስታውሳለሁ» አለ መሐንዲሱ።

«አንተን አልጠየቅኩህም። አንቺ እኔ ፊት ጉዳይ አለሽ። ልጄን ትፈልጊያለሽ፤ ፈቃዱ ደግሞ የኔ ነው። ስለዚህ ይሄ ብርጭቆ ጉቦ ነው። ሳላውቅ ጠጣሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አውቄ ግን አልጠጣም።»

«እማዬ፣ ይሄን ካልጠጣሽ ምን ልትጠጪ ነው?» አለች ልጃቸው።

«እሱ ሌላ መዝገብ ነው።»

ብረቴ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ከመንገድ ጀምሮ ስታስበው የመጣችው ይህን ነው፤ ባትጠጣስ ላላት ሰው የምትመልሰው መልስ።

«ጉቦ በጓሮ ነው የሚመጣው» አለች። «እኔ በቀን፣ በዋናው በር፣ ፊቴን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ጥሩ ክርክር ነው» አሉ ዳኛዋ። «ግን አይረታም። በአደባባይ የሚሰጥም ጉቦ አለ።»

«እንግዲያው ከእጄ አይጠጡ። ለልጅዎ አሠራሩን አሳያትና እሄዳለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከፈለገችበት ገዝታ በራሷ እጅ ትሥራልዎት። ይሄ መጠጥ የኔ ቢሆንም የማንም ነው። ልጅዎን እወደዋለሁ፤ አልደብቅዎትም። ግን እሱንና ይሄን አንድ ላይ አላሰርኳቸውም። እሱ ባይኖርም፣ መታመምዎን ብሰማ እሠራልዎት ነበር።»

መልስ ሳትጠብቅ ከሳጥኑ የቀዘቀዘውን ብርጭቆ አወጣች። «ይዩልኝ» አለቻት እህቱን። ከታች ጥቂት ለስላሳ አደረገች። አይስክሬሙን በክብ ማንኪያ አንድ ጊዜ ፈልቅቃ አስገባች፤ ቁልጭ ብሎ ተቀመጠ። ብርጭቆውን አዘንብላ ቀሪውን በጎኑ ለቀቀችው። ፍስስ የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ አይስክሬሙ ከታች ተነሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ነጭ አረፋ ከአፋፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ሎሚውን ስትጨምቅበት ሽታው አልጋው ድረስ ደረሰ። ዳኛዋ ሳያስቡት ምራቃቸውን ዋጡ። ሁሉም አየ፤ ማንም እንዳላየ ሆነ።

ብርጭቆው ራስጌያቸው አጠገብ ተቀመጠ። እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ ላይ አልተነሣም።

አረፋው መውረድ ጀመረ። የአይስክሬሙ ጎን ሟሙቶ ለስላሳው ደፈረሰ። እህትየዋ ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች። ብረቴ ማንኪያዋን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ሳጥኑ መለሰች። የምትለውን ብላለች፤ የቀራት መሄድ ብቻ ነው። መሐንዲሱን አላየችውም። ሳህን በሌለበትም ቦታ የሚያየው ሌላ ነገር አግኝቶ እንደሆነ ማወቅ ፈራች።

«እማዬ» አለ።

ድምፁ ሁሉንም ቀና አደረጋቸው።

«ጠጪው። ጉዳይ የለም።»

«እንዴት ነው የሌለው?»

«መዝገቡን ከፊትሽ አንሥቼዋለሁ።» ወደ አልጋው ግርጌ መጥቶ ቆመ፤ በሁለት እጁ ብረቱን ያዘ። «እስከ ዛሬ ፈቃድሽን ስጠብቅ ነበር። ከአሁን በኋላ አልጠብቅም። እሷ እሺ ካለችኝ አገባታለሁ። ብትወጂም ብትጠዪም፣ ብትጠጪም ብትደፊውም ይሄ አይለወጥም። እንግዲህ እጅሽ ላይ ሊገዛ የሚችል ፍርድ የለም። ፍርድ ከሌለ ጉቦ የለም።»

ዳኛዋ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩት።

«ሌላም አለ» አለ። «በዚያ ምሳ ላይ ያልሻት ልክ አልነበረም። ያኔውኑ፣ ሰው ሁሉ ፊት ልነግርሽ ይገባ ነበር። አልነገርኩሽም። በዚህ ሁሉ ወር ያጣኋት አንቺ በተናገርሽው አይደለም፤ እኔ ባልተናገርኩት ነው። አሁን አንቺ አልጋ ላይ ተኝተሽ ሳለ መናገሬ ያሳፍረኛል። ግን ደህና እስክትሆኚ ብጠብቅ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ለእኔ ነው እንዲህ የምትናገረው?»

«ላንቺ ነው።»

«ስትፈራኝ ነው ያደግከው።»

«አሁንም እፈራሻለሁ፣ እማዬ።»

ዳኛዋ ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አላነሡም። በዚያ ፊት ላይ ምን እንዳለፈ ብረቴ በኋላ ስታስበው፣ ቁጣ ነበር፣ ቅሬታ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ነገር ነበር፣ ሰው ከባድ ዕቃ ሲያወርዱለት የሚያሳየው ዓይነት።

«እንግዲህ ሥልጣኔ ተነሥቷል» አሉ በመጨረሻ። «ሳይነግሩኝ በጡረታ ላይ ጡረታ አወጡኝ።» ከዚያ ወደ ብረቴ ዞሩ። «አንቺ፣ የቀለጠውን ነው የምታጠጪኝ?»

ብረቴ ሌላ ብርጭቆ አወጣች። ቸኩላ ለስላሳውን አብዝታ አፈሰሰችውና አረፋው ገንፍሎ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። «ይሄ ነው እንግዲህ ሙያው?» አሉ ዳኛዋ፤ እህትየዋ በእንባዋ መሃል ፍርስ ብላ ሳቀች። ብረቴም ሳቀች። ብርጭቆውን ጠርጋ አቀበለቻቸው።

በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቀስታ፣ እስከ ግማሽ። አይስክሬሙን በማንኪያ እየቆረሱ በሉት። ማንም አላጣደፋቸውም።

«ቅር ብሎኛል» አሉ ማንኪያውን ሲያስቀምጡ። «አልዋሽሽም። ቅሬታዬን በአንድ ቀን አልጨርሰውም፤ ዕድሜም ካገኘሁ ጊዜ ይወስድብኛል። ነገ ግን ነይ። እሱን ይዘሽ አትምጪ፤ ብቻሽን ነይ። ማን እንደሆንሽ እኔም በራሴ ልወቅ።»

«እመጣለሁ» አለች ብረቴ።

ሳጥኗን አንሥታ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ መሐንዲሱ ተከትሏት ወጣ። በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች። «አትዝጋው።»

እጁን መለሰ። ፊት ለፊት ቆሙ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ሳጥኑ በመካከላቸው ነበር።

«እናትህን አስፈቅደሃል ወይም አላስፈቀድክም፤ እሱ የናንተ ነው» አለች። «እኔን ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። 'እሺ ካለችኝ' ስትል ነው የሰማሁት።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔንም ትፈራኛለህ?»

«ካንቺ የበለጠ የምፈራው የለም» አለና ሳጥኑን ከእጇ ተቀብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ቀና ሲል ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ታገቢኛለሽ? ብዙ ጊዜ ያጎደልኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የሞላሁ አይምሰልሽ። ግን ከዚህ በኋላ ስላንቺ ለመናገር ሰው እስኪሄድ አልጠብቅም።»

ከክፍሉ ውስጥ ደካማ፣ ግን ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«ልጅት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው። መልሱን እኔም ልስማ።»

ብረቴ ዓይኖቹን እያየች፣ ክፍሉ ውስጥ ላሉትም ለእሱም እንዲደርስ አድርጋ መለሰች።

«እሺ። አገባሃለሁ።»

ብላ ጨረሰች። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። በዚያ ጠባብ ኮሪደር ላይ፣ ትከሻው ላይ ራሷን ጥላ፣ ማን ያየኛል ማን ይሰማኛል ሳትል አለቀሰች። ሲበቃት ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ዓይን ውስጥ የምትፈልገውን ሁሉ ሳትጠይቅ አገኘችው።